የተስኪጊ መቀስ፦ የጋዜጣ ቁራጮች የአንድን ምድር ታሪክ እንዴት እንደያዙ

ጁን 26 ቀን 1919 በሚሲሲፒ ግዛት የሚታተመው «ጃክሰን ዴይሊ ኒውስ» አንድ ርዕስ በጉልህ አወጣ። ጆን ሃርትፊልድ የተባለ ጥቁር ሰው በዚያው ዕለት፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ኤሊስቪል በምትባል ከተማ በመንጋ እንደሚገደል ይናገራል። ከርዕሱ ሥር የግዛቱ ገዥ ቴዎዶር ቢልቦ ነገሩን ለማስቆም አቅም የለኝም ማለታቸው ሰፍሯል። ግድያው በተባለው ቀን፣ በሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ተፈጸመ።

ጋዜጣው ይህን ያተመው ወንጀልን ለማጋለጥ አልነበረም። እንደ ማንኛውም የሕዝብ ጉባኤ ሰዓቱንና ቦታውን አስታወቀ፤ በቃ። ዛሬ ያንን ገጽ ለሚያነብ ሰው ግን ወረቀቱ ሌላ ነገር ሆኗል። ቀኑ አለ፤ ሰዓቱ አለ፤ የሟቹ ስም አለ፤ የግዛቱ ከፍተኛ ባለሥልጣን አስቀድሞ ማወቁ አለ። ፍርድ ቤት መዝገብ ሊከፍትለት ያልፈለገውን ድርጊት ጋዜጣው በገዛ እጁ መዝግቦ አስቀመጠው።

የአሜሪካ ደቡብ የዚያ ዘመን ታሪክ ትልቁ ችግር ይኸው ነበር። ገዳዮቹ ሕዝብ ናቸው፤ ሸሪፉ፣ ማለትም የአካባቢው ሕግ አስከባሪ ሹም፣ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ የሞት መንስኤ መርማሪው «ባልታወቁ ሰዎች እጅ ሞተ» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እንግሊዝኛው ሊንቺንግ የሚለውን እኛ ዛሬ የደቦ ፍርድ ወይም የመንጋ ፍርድ እንለዋለን፤ ፍርድ የሚለው ቃል ለዚህ ድርጊት ክብር እንደመስጠት ስለሚሰማኝ እኔ ከዚህ በታች የመንጋ ግድያ እያልኩ እቀጥላለሁ። የመንግሥት መዝገብ በሌለበት ይህን ታሪክ ማን ያዘው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣ ደግሞ በማግስቱ ዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። አንድ ሰው መቀስ ይዞ ካልጠበቀው በስተቀር።

ያ ሰው ሞንሮ ናታን ወርክ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ወርክ በ1866 በሰሜን ካሮላይና ግዛት ኢሬደል ካውንቲ (የግዛት ንዑስ አስተዳደር) ተወለደ። ወላጆቹ በባርነት የኖሩ ናቸው፤ እሱ የተወለደው ባርነት በሕግ ከተሻረ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ተምሮ፣ በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ አስተማረ። የዚያን ዘመን ሁለቱ የጥቁር አሜሪካውያን መሪዎች፣ ዱቦይስና ቡከር ቲ ዋሽንግተን፣ በመንገድ ምርጫ አጥብቀው ይቃረኑ ነበር። ወርክ ከዱቦይስ ጋር በጥናት ሥራ አብሮ ሠርቷል፤ ዱቦይስ ባቋቋመው የናያጋራ የመብት ንቅናቄም ተሳትፏል። በ1908 ግን የዋሽንግተንን ጥሪ ተቀብሎ ዋሽንግተን ወደሚመሩት፣ በአላባማ ወደሚገኘው የጥቁሮች የትምህርት ተቋም ተስኪጊ ኢንስቲትዩት ሄደ። ከአንዱ ጎራ ወደ ሌላው የከዳ የመሰላቸው ነበሩ። እሱ ግን የሄደው ለጎራ ብሎ ሳይሆን መረጃ የሚሰበስብበት ቢሮ፣ ደመወዝና መደርደሪያ የሚያገኝበት ቦታ ስለሆነ ይመስለኛል። ማህደር ለመገንባት ለአሥርተ ዓመታት የማይፈርስ ቤት ያስፈልጋል፤ ንቅናቄዎች እንዲህ ዓይነት ቤት የላቸውም።

በተስኪጊ የመዛግብትና ምርምር ክፍል የሚባለውን አደራጀ። የሥራው መነሻ ትሑት ነበር፤ ዋሽንግተን ለንግግሮቻቸውና ለጽሑፎቻቸው አስተማማኝ መረጃ ይፈልጉ ነበር። ወርክ ግን ነገሩን አሰፋው። የጥቁር ሕዝብ ባለቤትነት ያላቸው ጋዜጦች፣ የደቡብ ነጮች ዕለታዊ ጋዜጦች፣ የሰሜን ጋዜጦች፣ የሃይማኖት መጽሔቶች፣ የውጭ አገር ኅትመቶች ይነበቡና ጥቁር ሕዝብን የሚመለከተው ሁሉ ተቆርጦ ይቀመጣል። ትምህርት፣ ጤና፣ እርሻ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ስደት፣ ምርጫ፣ ወንጀል፣ የመንጋ ግድያ። አቀማመጡ በዓመትና በርዕሰ ጉዳይ ነው። ዛሬ የተስኪጊ የጋዜጣ ቁራጮች ማህደር ተብሎ የሚታወቀው ስብስብ ከ1899 እስከ 1966 ያለውን ዘመን ይሸፍናል።

ይህ አደረጃጀት ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የጋዜጣ ቁራጭ የሚያስቀምጠው ስለ ራሱ፣ ስለ ዘመዱ ወይም ስለሚያደንቀው ሰው የተጻፈውን ነው። ጽሑፉን ይቆርጣል፤ የጋዜጣው ስምና ቀኑ ያለበትን የገጹን ራስ ግን ይጥለዋል። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ወረቀቱ «ትናንት ማምሻውን» ይላል፤ ትናንት መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። «የከተማችን ከንቲባ» ይላል፤ የትኛው ከተማ? ቁራጭ የታሪክ ምስክር የሚሆነው የማን ጋዜጣ፣ የየት፣ የመቼ የሚለው አብሮት ሲኖር ነው። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ የሚቀረው ወሬ ነው። በተስኪጊ ቁራጩ ወደ ዓመቱና ወደ ርዕሱ ገብቶ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ስለሚቀመጥ፣ አንዱ ጋዜጣ ያለውን ሌላው ካለው ጋር ማስተያየት ተቻለ። የማህደር ጉልበት ከዚህ ጉርብትና የሚመጣ ነው።

የመንጋ ግድያን ከጋዜጣ ላይ መቁጠር የተጀመረው በወርክ አይደለም። «ቺካጎ ትሪቢዩን» ከ1882 ጀምሮ በየዓመቱ ዝርዝር ያወጣ ነበር፤ የተስኪጊ ሠንጠረዥም መነሻው ይኸው ዓመት ነው። ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ ዌልስም በ1890ዎቹ ክሷን ያቀረበችው በዚሁ የነጮች ጋዜጣ ቁጥር ላይ ቆማ ነው። በሜምፊስ የነበራት ጋዜጣ ቢሮ በ1892 በመንጋ ወድሟል። ጥቁር ጋዜጠኛ አጋንናለች እንዳትባል ገዳዮቹን የሚመስሉ ሰዎች ራሳቸው ያተሙትን መረጠች። ወርክ የወሰደው ይህንኑ ጥበብ ነው፤ የእሱ አዲስ ነገር ቀጣይነቱ ነው። ከ1910ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ተስኪጊ የዓመቱንና የግማሽ ዓመቱን ቁጥር እያወጣ ለጋዜጦች ይልክ ጀመር። የደቡብ ጋዜጦችም አተሙት። ከእነሱ ገጽ የተቆረጠው ዜና ተደምሮ፣ ሠንጠረዥ ሆኖ፣ ወደ እነሱ ገጽ ተመለሰ። በአንድ ካውንቲ የሚኖር አንባቢ የእሱ ከተማ ጋዜጣ እንደ ነጠላ ክስተት የነገረውን ግድያ አሁን ከሌሎች በደርዘን ከሚቆጠሩ ጋር በአንድ መስመር አየው።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ከ1882 እስከ 1968 ባለው ጊዜ የተስኪጊ ሠንጠረዥ 4,743 የመንጋ ግድያዎችን ይዟል፤ ከእነዚህ 3,446ቱ ጥቁሮች፣ 1,297ቱ ነጮች ናቸው። የከፋው ዓመት 1892 ነበር፤ 230 ሰው። ወርክ ተስኪጊ በገባበት በ1908 ደግሞ 97። ሚሲሲፒ ብቻዋን 581፣ ጆርጂያ 531፣ ቴክሳስ 493፣ አላባማ 347 አላቸው። የክፍሉ ሠራተኞች ራሳቸው በአላባማ ነው የሚኖሩት፤ ከሚቆርጧቸው ዜናዎች አንዳንዶቹ የጎረቤት ካውንቲ ዜናዎች ነበሩ። ሠንጠረዡ ደረቅ ነው። ስም የለውም፤ ሐዘን የለውም። ይህ ድርቀት ግን የታሰበበት ይመስለኛል። ተስኪጊ ከነጭ ለጋሾች ገንዘብ የሚያገኝ፣ በደቡብ እምብርት የተቀመጠ ተቋም ነበር፤ የጩኸት ቃል ቢጨምርበት የደቡብ ጋዜጣ አያትመውም። ወርክ እውነታ ራሱ ሰውን ያሳምናል ብሎ በጽኑ ያምን ነበር። በዚህ እምነቱ ልክ ነበር ወይ የሚለው ያከራክራል፤ ቁጥሩ ለአሥርተ ዓመታት እየታተመ ኮንግረሱ የመንጋ ግድያን የሚከለክል ሕግ ሊያወጣ አልቻለም። ይህን የሚከለክለው የዳየር ረቂቅ ሕግ በ1922 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ በሴኔቱ ወደቀ። ሕጉ የወጣው በ1955 በተገደለው ልጅ በኤመት ቲል ስም፣ በ2022 ነው። መቶ ዓመት።

መቁጠር ሲጀመር ደግሞ ምን እንቁጠር የሚለው ይመጣል። አንድ እስረኛ ከሸሪፍ እጅ ተነጥቆ ሲገደል ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለት ሰዎች በሌሊት አንዱን ቢገድሉትስ? ተጠርጣሪ ለመያዝ የተሰባሰበ አሳዳጅ ጓድ ተኩሶ ቢገድለውስ? በብጥብጥ የሞቱትስ? በጸረ መንጋ ግድያ የሚሠሩ ድርጅቶች ቁጥሮቻቸው አይገጥሙም ነበር፤ በ1940 በደቡብ ነጭ ሴቶች ማኅበር በኩል ዓመት ሙሉ አንድም የመንጋ ግድያ አልተፈጸመም ተብሎ ሲታወጅ የጥቁሮች መብት ማኅበሩ ኤንኤኤሲፒ ተቃወመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተስኪጊ ላይ ተሰብስበው ትርጉም አበጁ፤ ሰው መሞቱን የሚያሳይ ሕጋዊ ማስረጃ ይኑር፣ አገዳደሉ ከሕግ ውጭ ይሁን፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ይሳተፉበት፣ ሰበባቸውም ፍትሕን፣ ዘርን ወይም ወግን ማገልገል ይሁን። ክርክሩ በዚህ አልቆመም። ቁራጮቹ ተጠብቀው መቆየታቸው የጠቀመው ግን ይህን ጊዜ ነው። ቁጥሩ ብቻ ቢተርፍ ኖሮ የመቁጠሪያው ደንብ ሲለወጥ ማንም እንደገና ሊቆጥር አይችልም ነበር። ቁራጩ ካለ ግን የዛሬ ተመራማሪ በራሱ ትርጉም እንደገና ይቆጥራል።

ከሠንጠረዡ ውስጥ ሦስት መስመሮች ሁልጊዜ ያቆሙኛል። 1952 ዜሮ ይላል፤ መቁጠር ከተጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ባዶ ዓመት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተስኪጊ የመንጋ ግድያ ከእንግዲህ የዘር ግንኙነት መለኪያ መሆኑ ቀርቷል ብሎ ዓመታዊ ሪፖርቱን አቆመ። መቀሱ ግን አልቆመም። 1955 ላይ ሦስት ይላል፤ የአሥራ አራት ዓመቱ ኤመት ቲል የተገደለበት ዓመት ነው። 1964 ላይ ደግሞ ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር ይላል፤ የሲቪል መብት ታጋዮቹ ጄምስ ቼኒ፣ አንድሩ ጉድማንና ማይክል ሽወርነር በሚሲሲፒ የተገደሉት በዚያ ዓመት ነው። ሪፖርቱ አብቅቷል ባለ ማግስት ማህደሩ ባይቀጥል ኖሮ እነዚህ መስመሮች ባዶ ይቀሩ ነበር።

አሁን ወደ ስሕተቱ። ጋዜጣ ይሳሳታል፤ ከጋዜጣ የተቆረጠ ማህደርም ስሕተቱን ይወርሳል። ስቱዋርት ቶልናይና ኢ ኤም ቤክ የተባሉ ሶሲዮሎጂስቶች ቀደምት ዝርዝሮቹን፣ የተስኪጊውን ጨምሮ፣ ከየአካባቢው ጋዜጦች ጋር አንድ በአንድ ሲያመሳክሩ ልዩ ልዩ እንከን አገኙ። አንዱ ግድያ በሁለት ጋዜጦች በሁለት የስም አጻጻፍ ስለወጣ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ቦታው የዜናው መነሻ ከተማ ተብሎ ተመዝግቦ፣ ግድያው ግን ሌላ ካውንቲ ነው። መንጋው ሊገድለው ነው የተባለው ሰው አምልጧል። በሌላ በኩል ሩቅ ያለው ትልቅ ጋዜጣ ጭራሽ ያልሰማው ግድያ በትንሿ የካውንቲ ሳምንታዊ ጋዜጣ ጥግ ላይ ይገኛል። ይህ የመጨረሻው የአካባቢ ጋዜጣን ዋጋ በደንብ ያሳያል። የብሔራዊ ጋዜጣ ቁራጭ ለማግኘት ቀላል ነው፤ ብዙ ቅጂ ስላለው ይተርፋል። ጥቂት መቶ ቅጂ የምታሳትም፣ አዘጋጇም አሳታሚዋም አንድ ሰው የሆነች ጋዜጣ ግን ከጠፋች የዚያ አካባቢ ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ስሕተቱ ማህደሩን ዋጋ ያሳጣዋል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ስሕተቱን ማግኘት የተቻለው እኮ ምንጩ ስለተመዘገበ ነው። ሁለት ጊዜ የተቆጠረውን ሰው አንድ ለማድረግ ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን መገኘት አለባቸው። ማህደሩ ግን የሆነውን እንዳለ አይነግረንም፤ የሚነግረን ጋዜጣው ሆነ ያለውን ነው። የደቡብ ነጭ ጋዜጣ ሟቹን ብዙ ጊዜ ወንጀለኛ ያደርገዋል፤ መንጋውን «ሥርዓት ያለው» ይለዋል፤ የጥቁር ጋዜጣ ያንኑ ድርጊት በሌላ ዓይን ያየዋል። ወርክ ሁለቱንም መቁረጡ ከሥራዎቹ ሁሉ በላይ የማደንቅለት ነው። የሚጠላውን ጋዜጣ ሳይቆርጥ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የክስ ማስረጃ የሆነው ይጠፋ ነበር።

ወረቀቱ ራሱስ? የጋዜጣ ወረቀት እንዲቆይ ተብሎ አልተሠራም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ጋዜጦች ከጨርቅ ወረቀት ወጥተው ተፈጭቶ በሚሠራ የእንጨት ወረቀት ላይ መታተም ጀመሩ። እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቀያየራል፤ ወረቀቱ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። በወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድ የወረቀቱን ቃጫ እየበጣጠሰ ሲሄድ አንድ ቀን በእጥፋቱ ላይ ይሰበራል። በሽታው ይተላለፋል፤ ጥሩ ወረቀት መሐል የተቀመጠ ቁራጭ የራሱን ቅርጽ ጥቁር ጥላ አድርጎ ያትምበታል። ሰው ለመጠበቅ ብሎ የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ የባሰ ነው፤ ፕላስተር ይለጥፍበታል፣ በሙጫ ደብተር ላይ ያጣብቀዋል፣ ላሚኔት ያስደርገዋል፣ በብረት መያዣ ይይዘዋል። ፕላስተሩ ይደርቅና ቡናማ እድፉን ትቶ ይነሣል፤ ሙጫው ጀርባውን ይበላል፤ ላሚኔቱ አይመለስም፤ ብረቱ ይዝጋል። ቁራጭ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ እጁን ሰብስቦ፣ አሲድ የሌለው ፎልደር ውስጥ ሳያጥፍ አስገብቶ፣ ከብርሃን፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ቢያርቀው፣ የጋዜጣውን ስም፣ ቦታና ቀን ፎልደሩ ላይ በእርሳስ ቢጽፍበት፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ፎቶ ኮፒ ቢያደርገው ወይም ስካን ቢያስነሣው የሚቻለውን አድርጓል። የጀርባውንም ገጽ ያንሣ። ብዙ ጊዜ ቀኑ የሚገኘው እዚያ ካለ ማስታወቂያ ላይ ነው።

በተስኪጊ ሙሉ ማህደሩ በ1976 በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጾችን አሳንሶ በሚይዝ ፊልም፣ ወጣ፤ 252 ጥቅል ነው። ይህ ውሳኔ ስብስቡን አድኖታል ማለት እችላለሁ። ከዚያ በፊት ለማየት አላባማ መሄድ ነበረብህ፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙን የገዛ ማንኛውም ቤተ መጻሕፍት አንባቢ ማየት ቻለ። የተመራማሪ እጅም ተሰባሪውን ወረቀት መንካቱ ቀነሰ። ማይክሮፊልም የራሱ ጉድለት አለው። በዚያ ዘመን በስፋት ይሠራበት የነበረው የአሲቴት ፊልም ሲያረጅ የኮምጣጤ ሽታ እያወጣ ይጨማደዳል፤ ቀለም የለውም፤ ቡናማ የሆነ ወረቀት ሲነሣ ጨለማ ላይ ጨለማ ይሆንና ፊደሉ አይለይም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፊልም መመለስ የማይችለው ነገር መቀሱ አስቀድሞ ያስቀረውን ነው። ቁራጭ ከገጹ ሲለይ አጠገቡ የነበረው ሁሉ ይቀራል። ስለ አንድ ግድያ የሚናገረው ዜና ከጫማ ማስታወቂያ ጋር ጎን ለጎን መሆኑ፣ ወይስ በፊት ገጽ በትልቅ ፊደል መውጣቱ፣ ወይስ በ7ኛው ገጽ ሦስት መስመር መሆኑ ራሱ ታሪክ ነው። ስለዚህ ቁራጭ ሙሉ ጋዜጣን ይተካል ብሎ ጋዜጣውን መጣል ትልቅ በደል ነው። ቁራጭ የሚጠቅመው የት እንደሚፈለግ ስለሚያመለክት ነው፤ ገጹ ደግሞ ሙሉውን ይናገራል። የቶልናይና የቤክ ሥራ የተቻለው ሁለቱም ስለነበሩ ነው።

ወርክ በ1938 ጡረታ ወጣ፤ በ1945 ሞተ። ከማህደሩ ከ1912 ጀምሮ «ኔግሮ ይር ቡክ» የተባለውን የመረጃ መጽሐፍ ዘጠኝ እትም አዘጋጅቷል፤ በ1928 ደግሞ በአፍሪካና በአሜሪካ ስለሚኖረው ጥቁር ሕዝብ ከ17,000 በላይ ጽሑፎችን የዘረዘረ የመጻሕፍት ዝርዝር አሳትሟል። ከሰበሰባቸው የጤና መረጃዎችም በ1915 የተጀመረው የጥቁር ሕዝብ የጤና ሳምንት ተነሣ። በኋላ ክፍሉን የመራችው ጄሲ ፓርክኸርስት ጉዝማን ሥራውን አስቀጥላለች። ዛሬ በስሙ የተሰየመ የመንጋ ግድያዎች ካርታ በኢንተርኔት ይገኛል፤ ሠንጠረዡንም ማንም ማንበብ ይችላል።

ቁጥሩ ሩቅ ሄዷል። ጁን 13 ቀን 2005 የአሜሪካ ሴኔት የመንጋ ግድያን የሚከለክል ሕግ ባለማውጣቱ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ በውሳኔው ከ1882 እስከ 1968 ቢያንስ 4,742 ሰዎች መገደላቸው መዘገቡን ጠቀሰ። ከተስኪጊ ሠንጠረዥ በአንድ ይለያል። አንዱ ሰው የት እንደቀረ ባስብ ቁጭ ብዬ ልቆጥር ያምረኛል።

በሞንጎመሪ፣ አላባማ የሚገኘው ኢኳል ጀስቲስ ኢኒሼቲቭ የተባለ ድርጅት በ2015 በ12 የደቡብ ግዛቶች ከ1877 እስከ 1950 የተገደሉ 3,959 ጥቁር ሰዎችን የመዘገበ ሪፖርት አወጣ፤ ኋላ ላይ ቁጥሩ ከ4,400 በላይ ደረሰ። መነሻዎቹ የቶልናይና የቤክ ሥራና የተስኪጊ ስብስብ ነበሩ፤ በዚያ ላይ የአካባቢ ጋዜጦች ተጨመሩ። በ1919 በአርካንሶ ግዛት ኢሌን አካባቢ የተጨፈጨፉትን ጥቁሮችም ይቆጥራል። ይህን ቁጥር በተስኪጊው ላይ ደርቦ የትኛው ትክክል ነው ማለት አይገባም፤ ዘመኑ፣ ግዛቱ፣ ትርጉሙ ይለያያል። በኤፕሪል 2018 ድርጅቱ የከፈተው መታሰቢያ ከ800 በላይ የብረት ምሰሶዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ካውንቲ አንድ። ስሞቹና ቀኖቹ ብረቱ ላይ ተቀርጸዋል።

በብዙዎቹ ምሰሶዎች ላይ በስም ቦታ «ያልታወቀ» የሚል አለ። ከጀርባው ብዙ ጊዜ «አንድ ጥቁር» ብሎ ብቻ ያለፈ የጋዜጣ ዜና ይኖራል፤ ጋዜጠኛው ስም መጠየቅ አላስፈለገውም። በዚያው ሳምንት በዚያው ካውንቲ የወጣች ሌላ ጋዜጣ፣ ምናልባትም የጥቁሮቹ የራሳቸው ጋዜጣ፣ ስሙን ጽፋው ይሆናል። ተመራማሪዎች እስካሁን እሷን ይፈልጋሉ።